ጠመንጃን ለአካል መለካት፦ ስለ ጀማሪ ሴት የሸክላ ኢላማ ተኳሽ የመጀመሪያ መሣሪያ

በወሎ ገጠር ስለ ጠመንጃ ሲነገር በቅድሚያ የሚወሳው የመሣሪያው ስምና የባለቤቶቹ ትውልድ ሲሆን፣ ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽርና ቤልጅግ የሚባሉት ስሞች ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅም ወደ ልጅ ልጅ የተላለፈ የክብር ታሪክ ተሸክመው እስከ ዛሬ ይጠራሉ። እነዚህ ሁሉ በአውሮፓ ፋብሪካዎች ለወንድ ወታደር ተብለው በአንድ ልክ የተሠሩ የጦር ጠመንጃዎች ስለ ነበሩ፣ የወረሳቸው ሰው አጭርም ሆነ ረጅም፣ አንገቱ የረዘመም ሆነ ክንዱ ያጠረ፣ ራሱን ለመሣሪያው ከማስማማት በቀር ሌላ ምርጫ አልነበረውም፤ ሰደፉ ትከሻውን ቢያቆስለው ወይም ጉንጩን ቢመታው ጉድለቱ የጠመንጃው እንጂ የሰውየው አይደለም ብሎ የሚከራከርለት አይገኝም። የሸክላ ኢላማ ተኩስ የሚባለው ስፖርት ግን ይህን ሥርዓት ይገለብጠዋል፤ በዚህ ስፖርት ሰደፉ የሚቆረጠው፣ የሚቀጠለው፣ ወደ ጎን የሚጣመመውና ከፍና ዝቅ የሚደረገው በተኳሹ አካል ልክ ነው፤ ይህ ካልሆነም ኢላማው አይመታም።

ጉዳዩ በሴት ተኳሽ ላይ ሲደርስ የበለጠ ይከብዳል፤ ምክንያቱም የጀማሪዋን የመጀመሪያ ጠመንጃ ብዙውን ጊዜ የሚመርጥላት ራሷ ሳትሆን ባሏ፣ ወንድሟ ወይም ሻጩ ነው፤ መራጩም ደግነት ይዞት ቀላሉን፣ አጭሩንና አፈ ጠባቡን አንሥቶ ይሰጣታል። ከዚህ በታች በዝርዝር እንደሚታየው፣ ይህ ደግነት ከአካል መለኪያም ሆነ ከፊዚክስ ሕግ ጋር የሚጋጭ ሲሆን፣ ብዙ ጀማሪዎች ትከሻቸው ጠቁሮ፣ ጉንጫቸው አብጦ፣ ስፖርቱ ለእኔ አልተፈጠረም ብለው እንዲተዉት የሚያደርገውም እርሱ ነው።

ስፖርቱ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ፣ ወይም የወረባቦ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በቢስቲማ የተለመደ ስላልሆነ፣ ከመሣሪያው በፊት ኢላማውን ማወቅ ያስፈልጋል። በ19ኛው ምእተ ዓመት በአውሮፓና በአሜሪካ ለመዝናኛ ይተኮስ የነበረው በሕይወት ያለች ርግብ ላይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ በተካሄደው ኦሊምፒክ እንኳ ርግቦች ከሳጥን እየተለቀቁ ተገድለዋል። ርግቧን ለመተካት በመጀመሪያ የመስታወት ኳስ ወደ አየር ይወረወር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1880 ጆርጅ ሊጎውስኪ የተባለ አሜሪካዊ በአየር ላይ እየተሽከረከረ የሚንሳፈፍ የሸክላ ሳህን ሠርቶ የፈጠራ መብት ካገኘበት ጊዜ ጀምሮ ግን የዛሬው ስፖርት መልክ ያዘ። የዛሬው ሳህን ስሙ ሸክላ ይሁን እንጂ የሚሠራው ከተፈጨ የኖራ ድንጋይና ከቅጥራን መሰል ማጣበቂያ ሲሆን፣ 11 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 105 ግራም ገደማ ክብደት አለው፤ በስፕሪንግ ወይም በኤሌክትሪክ ኃይል በሚሠራ ማሽን ይወረወራል። ትራፕ በሚባለው የውድድር ዓይነት ሳህኑ ከተኳሹ ፊት ተነሥቶ ወደ ፊት እየራቀ ይሄዳል፤ ስኪት በሚባለው ደግሞ በግራና በቀኝ ከቆሙ ሁለት ቤቶች፣ ከአንዱ ከፍ ከሌላውም ዝቅ ብሎ እየተነሣ፣ በተኳሹ ፊት ያቋርጣል፤ ስፖርቲንግ የሚባለው ሦስተኛው ዓይነት የጅግራን፣ የቆቅንና የዳክዬን አበራረር እንዲመስል ሳህኖችን ከዛፍ ጀርባ፣ ከጉብታ በላይና ከመሬት ጋር አስጠግቶ የሚለቅ ነው።

በእንደዚህ ያለ ኢላማ ላይ የጦር ጠመንጃ ከንቱ ነው። የጦር ጠመንጃ በአፈሙዙ ውስጥ ጠመዝማዛ ጎድጓዳ መስመር ያለውና አንዲት ጥይት እያሽከረከረ ወደ ሩቅ የሚልክ ሲሆን፣ ሾትገን የሚባለው የአደንና የስፖርት ጠመንጃ ግን ልሙጥ አፈሙዝ ያለው፣ ከአንድ ጥይት ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን የእርሳስ ፍሬዎችን በአንድ ጊዜ የሚበትን መሣሪያ ነው። 24 ግራም እርሳስ የያዘ አንድ የውድድር ጥይት እያንዳንዳቸው 2.4 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆኑ ሦስት መቶ ያህል ፍሬዎችን ይለቃል፤ ፍሬዎቹም በ30 ሜትር ርቀት ላይ እንደ ደመና ተበትነው ሳህኑን ይቀበሉታል። ይቀበሉታል መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሰከንድ 20 ሜትር እየበረረ በ30 ሜትር ርቀት የሚያቋርጥ ሳህን፣ ፍሬዎቹ ወደ እርሱ እስኪደርሱ በሚያልፈው አንድ አሥረኛ ሰከንድ ውስጥ 2 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ ተኳሿ ሳህኑ ባለበት ሳይሆን በሚደርስበት ስፍራ ላይ መተኮስ ይኖርባታል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ሲደበድቡ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ ሰማይ የተኮሱበት ታሪክ በሰፊው የሚታወቅ ሲሆን፣ በዚያች ዕለት ከደሴ ምድር ወደ ላይ የተኮሰ ሰው ሁሉ የገጠመው ችግር፣ ከፍጥነቱና ከርቀቱ ብዛት በቀር፣ ይኸው የመቅደም ችግር ነበር።

የሚንቀሳቀስ ኢላማ ጊዜ አይሰጥም፤ ስለዚህ የሾትገን ተኳሽ እንደ ጦር ጠመንጃ ተኳሽ አንድ ዓይን ጨፍና፣ የኋላውን ማነጣጠሪያ ከፊተኛው ጋር አስተካክላ፣ ትንፋሽ ውጣ አትተኩስም። ሾትገን የኋላ ማነጣጠሪያ የለውም፤ በእርሱ ምትክ የሚያገለግለው የተኳሿ ዓይን ራሱ ነው። ዓይኗ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ፣ በአፈሙዙ ቁመት ልክ እንዲቀመጥ የሚያደርገው ደግሞ ጉንጯ የሚያርፍበት የሰደፉ ጀርባ ነው። ጉንጭ በትክክል ካላረፈ፣ ዓይን ከቦታው ይዛነፋል፤ ዓይን ከተዛነፈ፣ ተኳሿ የቱንም ያህል ብትለማመድ ፍሬዎቹ ከምታይበት ቦታ ሌላ ስፍራ ይሄዳሉ። የሰደፉ ጀርባ በ1.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ቢል በ15 ሜትር ርቀት ላይ የፍሬዎቹ መሐል በ2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ በ35 ሜትር ላይ ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ይህ ስሌት ሲታወቅ፣ ስለ ጠመንጃ ስምና ስለ ቅርጹ ጌጥ የሚደረገው ብዙ ክርክር ከሰደፉ ልክ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ መሆኑ ይታወቃል።

የሰደፍ መለኪያዎች ብዙ ቢሆኑም ከሁሉ የሚቀድመው ርዝመቱ ነው፤ ይህም ከምላጩ አንሥቶ ትከሻ ላይ እስከሚያርፈው የሰደፉ ጫፍ ያለው ርቀት ማለት ነው። በፋብሪካ የሚወጡት አብዛኞቹ ሾትገኖች በዚህ መለኪያ ከ365 እስከ 375 ሚሊ ሜትር የሚደርሱ ሲሆን፣ ለመካከለኛ ቁመት ሴት ግን ከ340 እስከ 355 ሚሊ ሜትር ያለው ልክ ብዙ ጊዜ ይስማማታል። የሰደፉን ጫፍ በክርን መታጠፊያ ላይ አስደግፎ ጣት ምላጩን ይነካ እንደ ሆነ መመልከት በሱቅ ውስጥ የተለመደ ቢሆንም፣ ይህ ዘዴ የክንድን ርዝመት እንጂ የአንገትንና የትከሻን አቀማመጥ ስለማያሳይ ብዙ እምነት አይጣልበትም፤ ይልቁንም ጠመንጃው ትከሻ ላይ ወጥቶ ጉንጭ ከተቀመጠ በኋላ፣ በአፍንጫና ሰደፉን በያዘው እጅ አውራ ጣት ሥር መካከል የሁለት ወይም የሦስት ጣት ስፋት ክፍተት ከተገኘ ልኩ ተቃርቧል ማለት ነው። ረጅም ሰደፍ ወደ ትከሻ ሲወጣ በልብስ ይያዛል፤ ከወጣም በኋላ ተኳሿን ወደ ኋላ እንድትለጠጥ ያስገድዳታል፤ ይህ ወገቧን ሰብራ ወደ ኋላ የማዘንበል አቋም በጀማሪ ሴቶች ላይ ሲታይ የድክመት ምልክት ተደርጎ ቢተረጎምም፣ አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ሰው ጠመንጃ የመያዝ ውጤት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የጉንጩ ማረፊያ ከፍታ ነው። ከወንዶች ጋር ሲነጻጸሩ ብዙ ሴቶች ከትከሻቸው እስከ ዓይናቸው ያለው ርቀት የረዘመ፣ የጉንጭ አጥንታቸውም ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ለወንድ በተሠራ ሰደፍ ላይ ጉንጫቸውን ሲያሳርፉ ዓይናቸው ከጠመንጃው በታች ይቀራል፤ ለማየትም ሲሉ ራሳቸውን ከሰደፉ ያነሣሉ፤ የተነሣውን ጉንጭ ደግሞ ጠመንጃው ሲተኮስ ወደ ላይ ዘሎ ይመታዋል። ለዚህ መፍትሔ የሚሆነው ጀርባው ከፍ ብሎ የተሠራ፣ ወይም በቁልፍ ከፍና ዝቅ የሚል የጉንጭ ማረፊያ ያለው ሰደፍ ነው። ሦስተኛው፣ በወንድ ሻጮች ፊት እምብዛም የማይነሣው፣ የሰደፉ የታችኛው ጫፍ ጉዳይ ነው፤ ይህ ጫፍ ሹል ሆኖ ወደ ፊት ከገፋ የደረትን ለስላሳ ክፍል ስለሚወጋ፣ ለሴት ተኳሽ ጫፉ ክብ ተደርጎ መከርከምና በትንሹ ወደ ውጭ መዞር ይኖርበታል። የእጅ መያዣውም ውፍረት ከዚሁ ይታያል፤ መዳፍ ትንሽ ሆኖ መያዣው ወፍራም ከሆነ፣ ጣት ምላጩን ለመድረስ ሲል መዳፉ ከቦታው ይነቀላል። ስፌት የሚያውቅ ሰው የተዘጋጀ ልብስ ገዝቶ ትከሻውን አጥብቦ እጅጌውን አሳጥሮ እንደሚያስተካክል ሁሉ፣ የጠመንጃ ሰደፍ የሚያስተካክል ባለሙያም በእንጨቱ ላይ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ጠባብ ቀሚስ ሲያስቸግር ወዲያው የሚታወቅ፣ የሰደፍ ስሕተት ግን ለወራት በተኳሿ ችሎታ ላይ የሚሳበብ መሆኑ ብቻ ነው።

ልብስ ከተነሣ ዘንድ፣ የሰደፍ ልክ ከልብስ ጋር እንደሚለዋወጥ መጠቆም ይገባል። በኮምቦልቻ ሙቀት በስስ ሸሚዝ የተለካ ሰደፍ፣ ከዚያ ብዙ ከፍ ብላ በምትገኘውና ብርድዋ በሚታወቀው በደሴ ካፖርት ተደርቦ ሲያዝ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር የረዘመ ያህል ይከብዳል፤ ስለዚህ ልክ የሚወሰደው ለተኩስ በሚለበሰው ልብስ ነው። ፀጉሯን ወይም ራሷን የምትሸፍን ሴትም፣ በወረባቦና በአካባቢው አብዛኛዋ ይህችው ናት፣ የሻሿ ወይም የሒጃቧ እጥፋት በጉንጭና በሰደፍ መካከል እንዳይገባ፣ እንዲሁም የጆሮ መከላከያው በወፍራም እጥፋት ላይ ተቀምጦ ድምፅ እንዳያሳልፍ፣ ስስና ከራስ ጋር የተጣበቀ ጨርቅ መምረጥ ይጠቅማታል። ሒጃብ ከተኩስ ስፖርት ጋር የማይሄድ የሚመስለው ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ የቀጠርን ሰንደቅ ዓላማ ይዛ የገባችው ባሂያ አል ሐመድ የአየር ጠመንጃ ተኳሽ መሆኗን ማስታወስ ይበቃል።

አሁን ወደ ክብደት መመለስ ያስፈልጋል፤ ትልቁ ስሕተት ያለው እዚህ ላይ ነውና። ጠመንጃ ሲተኮስ ፍሬዎቹን ወደ ፊት በገፋበት መጠን ራሱ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ይህ የመልስ ግፊት በተለምዶ ጠመንጃው ረገጠ የሚባለው ነው። በአንድ ዓይነት ጥይት ሲተኮስ ትከሻ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከጠመንጃው ክብደት ጋር ተገላቢጦሽ ስለሆነ፣ 3.5 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን ትቶ 2.5 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን የመረጠ ሰው የርግጫውን ኃይል በ40 በመቶ ጨምሮ ለጀማሪዋ አበርክቷል ማለት ነው። አንድ ዙር 25 ጥይት፣ የአንድ ቀን ልምምድም ብዙ ጊዜ ሦስት አራት ዙር ስለሆነ፣ ይህ ጭማሪ መቶ ጊዜ ያህል ይደጋገማል። በሌላ በኩል ጥይቱን ከ28 ግራም ወደ 24 ግራም መለወጥ ብቻ ርግጫውን በሩብ ገደማ ይቀንሰዋል፤ 24 ግራም ደግሞ በኦሊምፒክ ውድድር ለወንዱም ለሴቷም የተፈቀደው ከፍተኛ መጠን በመሆኑ ትንሽ ነው ሊባል አይችልም። ለጀማሪ 21 ግራም የያዘ ጥይትም ይገኛል። እንግዲህ ርግጫን የፈራ ሰው መቀነስ ያለበት የጥይቱን ግራም እንጂ የጠመንጃውን ክብደት አይደለም።

ከወረባቦ ገደላማ መንገድ እንጨትና ውኃ ተሸክማ የምትወጣ ሴት ባለችበት አገር ጠመንጃ ከበዳት ተብሎ መታዘኑም በራሱ የሚያስገርም ነው። እርግጥ በጀርባ የሚሸከሙት ሸክምና ክንድ ዘርግተው የሚይዙት ዕቃ አንድ አይደሉም፤ ለሁለተኛው የሚያስፈልጉት የትከሻና የላይኛው ክንድ ጡንቻዎች ካልሠለጠኑ በቶሎ ይዝላሉ። ነገር ግን በሸክላ ተኩስ ጠመንጃ የሚነሣው ለጥቂት ሰከንዶች ስለሆነ፣ ዋናው ነገር የክብደቱ መጠን ሳይሆን አደላደሉ ነው፤ ክብደቱ በሁለቱ እጆች መካከል ያረፈ 3.4 ኪሎ ግራም ጠመንጃ፣ ወደ አፈሙዙ ካዘነበለ 3 ኪሎ ግራም ጠመንጃ ቀልሎ ይታያል። አፈሙዙ በጣም አጭርና ቀላል ሲሆን ደግሞ በቀላሉ ተወርውሮ በቀላሉ ይቆማል፤ ሳህኑን ሳያቋርጥ መከተል ግን ይሳነዋል። ስለዚህ ከ71 እስከ 76 ሴንቲ ሜትር የሆነ አፈሙዝ ለጀማሪዋም የሚመከር ነው።

የአፈሙዝ ስፋት ጌጅ በሚባል መለኪያ ይገለጻል፤ ጌጅ ማለት ከአንድ ፓውንድ፣ ማለትም ከ454 ግራም ገደማ፣ እርሳስ በአፈሙዙ ልክ የሚወጡት ድቡልቡል ኳሶች ቁጥር በመሆኑ፣ ቁጥሩ ሲያድግ አፈሙዙ ይጠባል። 12 ጌጅ 18.5 ሚሊ ሜትር፣ 20 ጌጅ 15.6 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት አላቸው፤ ከተለመዱት ሁሉ የጠበበው፣ በጌጅ ሳይሆን 410 እየተባለ የሚጠራው፣ 10.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ይህን የመጨረሻውን ለልጅና ለሴት ተብሎ የሚያቀርብ ሻጭ አይጠፋም፤ ሆኖም የሚይዘው እርሳስ ጥቂት፣ የሚበትነው ደመናም ስስ ስለሆነ፣ በትክክል ያነጣጠረ ሰው እንኳ ሳህኑን ሊስት ይችላል፤ ይህ መሣሪያ የአዋቂ መፈተኛ እንጂ የጀማሪ መማሪያ አይደለም። ጀማሪዋ የሚያስፈልጋት ሳህን ሲሰበር ማየት ነው፤ ትክክሏ ከስሕተቷ የሚለይላት በዚያ ብቻ ነውና። ስለዚህ ከ3.3 እስከ 3.6 ኪሎ ግራም የሚመዝን 12 ጌጅ ከ21 ወይም ከ24 ግራም ጥይት ጋር የመጀመሪያው ምርጫ ሲሆን፣ ሰውነቷ ለቀጠነ ሴት ከ3 ኪሎ ግራም ያላነሰ 20 ጌጅ ሁለተኛው ነው።

ስለ አሠራሩ ዓይነት ብዙ ማለት አያስፈልግም። በአፈሙዝ ላይ አፈሙዝ የተደራረበበት፣ በመሐሉ ተሰብሮ የሚከፈት ሾትገን ለመማሪያ ይመረጣል፤ ተከፍቶ ሲያዝ ባዶ መሆኑን በዙሪያው ያለ ሁሉ ከሩቅ ስለሚያየው ነው። ተኩሶ ቀለሁን ራሱ የሚያወጣና ቀጣዩን ጥይት ራሱ የሚያጎርስ አውቶማቲክ መሰል ሾትገን፣ በተለይ በባሩዱ ጋዝ የሚሠራው፣ ርግጫው ለትከሻ የለሰለሰ ስለሆነ ትከሻዋ ለታመመ ሴት ይጠቅማል፤ ነገር ግን ባዶነቱ በቀላሉ የማይታይ ከመሆኑም በላይ ቀለሁን በጎረቤት ተኳሽ ላይ ይረጫል። በነገራችን ላይ፣ የተደራረበ አፈሙዝ ያለውን ሾትገን በዓለም ያስለመደው የጆን ብራውኒንግ ንድፍ እ.ኤ.አ. በ1931 ለገበያ የቀረበው በቤልጅግ አገር በሄርስታል ከተማ ከሚገኘው ኤፍ ኤን ፋብሪካ ሲሆን፣ በዚያው ዘመን ለኢትዮጵያ መንግሥት የተሸጠውና በወሎ ቤልጅግ እየተባለ የሚወሳው የጦር ጠመንጃም የዚሁ ፋብሪካ ሥራ ነው።

መሣሪያ ከመመረጡ በፊት አንድ ሌላ ምርመራ ይቀድማል፤ ይኸውም የበላዩን ዓይን መለየት ነው። ሰው ሁለት ዓይን ቢኖረውም አእምሮው አቅጣጫ ሲወስን ከሁለቱ አንዱን ያስበልጣል፤ ሁለት እጆችን ወደ ፊት ዘርግቶ በመዳፎች መካከል ትንሽ ቀዳዳ ፈጥሮ አንድን ሩቅ ነገር መመልከት፣ ከዚያም ዓይኖችን በየተራ መጨፈን የትኛው እንደሆነ ያሳያል። ቀኝ እጇን የምታስቀድም ሆና ግራ ዓይኗ የሚበልጥባት ሴት፣ በቀኝ ትከሻዋ ብትተኩስ ፍሬዎቹ ሁልጊዜ ወደ ግራ ያፈነግጡባታል፤ አሠልጣኞችም ይህ ዓይነቱ አለመግጠም በሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ እንደሚያጋጥማቸው ይናገራሉ። ጀማሪዋ ገና ልማድ ስላልያዘች በግራ ትከሻ መተኮስን ከመጀመሪያው ብትማር የሚቀል ሲሆን፣ ያ ካልሆነ በመነጽሯ ግራ መስታወት ላይ ትንሽ ወረቀት መለጠፍ ይረዳታል። ለቀኝ እጅ የተጣመመ ሰደፍ ለግራ ትከሻ ስለማይሆን፣ ይህን ሳይመረምር ጠመንጃ የገዛ ሰው ሁለት ጊዜ ይገዛል።

ሴት ለዚህ ሥራ አልተፈጠረችም የሚለው ሐሳብ በወሎም ሆነ በኢትዮጵያ ታሪክ ፊት የሚቆም አይደለም። በ1850ዎቹ ዓ.ም. ወርቂትና መስተዋት በወሎ ሠራዊት ያዘዙ እመቤቶች ነበሩ፤ በ1888 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በመቀሌ የጣልያንን ምሽግ ውኃ ያስቆረጡ፣ በ1929 ዓ.ም. ባላቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ ከተገደሉ በኋላ ወይዘሮ ከበደች ሥዩም አርበኞችን የመሩ መሆናቸው የታወቀ ነው። በስፖርቱም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና፣ ወንድና ሴት በአንድነት በተወዳደሩበት ስኪት፣ ቻይናዊቱ ዣንግ ሻን ከ225 ሳህኖች 223 ሰብራ ወንዶቹን ሁሉ አሸንፋለች፤ የሚገርመው፣ በተከታዩ ኦሊምፒክ ስኪት ለሴቶች ዝግ ሆኖ፣ የሴቶች ስኪት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ለጓቲማላ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ በትራፕ ያስገኘችው አድሪያና ሩዋኖ ደግሞ በጀርባ ጉዳት ምክንያት ጂምናስቲክን ትታ ወደ ተኩስ የገባች ስፖርተኛ ናት። የተጎዳ ጀርባ ያላት ሴት በስፖርቱ ከፍተኛው ደረጃ ላይ መድረስዋ፣ ሥራው የጡንቻ ሳይሆን የአቋምና የልክ መሆኑን ከማንኛውም ክርክር በላይ ያስረዳል።

ይህ ሁሉ ሲሆን፣ በዛሬው የአማራ ክልል ሁኔታ የተኩስ ድምፅ ከስፖርት ጋር ሳይሆን ከስጋት ጋር የሚያያዝ መሆኑ አይዘነጋም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን፣ መሸጥንና ወደ አገር ማስገባትን በፈቃድ ሥር ያደረገ በመሆኑ፣ ከውጭ አገር ዘመድ የሚላክ ሾትገን በጥሩ ሐሳብም ቢሆን ያለ ፈቃድ ከገባ ወንጀል ነው። ስለዚህ ለቢስቲማ ወይም ለደሴ ተወላጅ ሴት ስፖርቱ በተግባር የሚከፈትላት ብዙውን ጊዜ በውጭ አገር ስትኖር ነው። በብሪታንያ፣ ለምሳሌ፣ የራሷን ሾትገን ለመያዝ ፖሊስ ከመረመራት በኋላ የሚሰጣት የምስክር ወረቀትና በቤቷ የሚቆለፍ የብረት ሣጥን የሚያስፈልጋት ሲሆን፣ ልዩ ፈቃድ ባለው የሸክላ ሜዳ ግን የምስክር ወረቀት ሳይኖራት በክበቡ ጠመንጃ፣ በአሠልጣኝ ቁጥጥር ሥር መተኮስ ትችላለች። ይህ አሠራር ለጀማሪዋ ትልቅ ዕድል ነው፤ ለጥቂት ወራት የተለያዩ የክበብ ጠመንጃዎችን እየያዘች ልኳን፣ ዓይኗንና የምትወደውን የውድድር ዓይነት ካወቀች በኋላ ብትገዛ፣ ከባሏ ወይም ከወንድሟ ስጦታ የተሻለ ትመርጣለች። ከገንዘቧም ላይ ለሰደፉ ማስተካከያ፣ ለጆሮ መከላከያና ለዓይን መነጽር የሚሆነውን አስቀድማ ብትለይ ይበጃታል፤ የአንድ ሾትገን ድምፅ ከ140 ዴሲቤል በላይ ስለሆነ ያለ መከላከያ የተተኮሰች አንዲት ጥይት እንኳ የማይመለስ የመስማት ጉዳት ልታደርስ ትችላለች።

በኢትዮጵያ ውስጥ ሕጋዊ ሜዳ ይቋቋም ቢባል ደግሞ ከመሣሪያው በላይ የሚያከራክረው መሬቱ ነው። ለሸክላ የሚተኮሱት ጥቃቅን ፍሬዎች ከ200 ሜትር በላይ ሊሄዱ ስለሚችሉ፣ ከተኳሾቹ ፊት እስከ 300 ሜትር ድረስ ሰውም ከብትም የማያልፍበት ስፍራ መኖር አለበት፤ እርሻ ከእርሻ ጋር በተያያዘበትና እረኛ በማይጠፋበት በወረባቦ እንዲህ ያለ ቦታ ማግኘት ቀላል አይደለም። እርሳሱም በአፈር ላይ ይከማቻል፤ ዳክዬና ሌሎች የውኃ ወፎች ፍሬዎቹን ጠጠር መስለዋቸው ስለሚውጧቸው ይመረዛሉ፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በእርጥብ መሬቶች አካባቢ በእርሳስ ፍሬ መተኮስን የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ መለኪያ የሐይቅና የአርዲቦ ሐይቆች ዳርቻ፣ ሰፊና ሜዳማ መስሎ ቢታይም፣ ከምርጫው ይወጣል፤ የሚቀረውም ከውኃ መውረጃ የራቀ፣ ከኋላው ኮረብታ ያለው ደረቅ መሬት፣ ወይም ከእርሳስ ይልቅ በብረት ፍሬ የሚተኮስበት ሜዳ ነው። በብረት ፍሬ ለመተኮስ ግን አሮጌ ሾትገኖች ብዙውን ጊዜ ስለማይሆኑ፣ የሚገዛው ጠመንጃ አፈሙዝ ለብረት ፍሬ የተፈተነ መሆኑን የሚያሳየውን ማኅተም ተመልክቶ መግዛት ያስፈልጋል።